ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ሞተሻል ስለተባልኩበት መጽሔት

ለተከበሩ አቶ ደግሰው ምስጋኑ
የከተማችን የፈጠራና የዕደ ጥበብ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ላሊበላ

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለወንበርዎም ጽናት እየተመኘሁ፣ ከሞትኩበት ሆኜ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከፍ ያለ አክብሮት ይሰማኛል።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ዲዛይነር ወይዘሪት ሣራ ስለ ከተማችን የጥበብ ሰዎች ያሳተመችውን መጽሔት በአዳራሹ ፊት ገልጣ፣ «ይህን ሐረግ የሣለችው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረች ወለተ ሐና የተባለች ሴት ናት» ብላ ስታነብ ነው። ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ወለተ ሐና የክርስትና ስሜ ነው።

ስለዚህ ለተደረገልኝ ሁሉ በተራ ቁጥር ላመስግን።

፩ኛ. ባለፈው ኅዳር ያን ሐረግ የሣልኩበትን ስድስት ቅጠል ብራና፣ ሥራዬ እንዲታይልኝ ከሚጠይቅ ማመልከቻ ጋር ለጽሕፈት ቤትዎ ሳስረክብ በእጅዎ ፈርመው ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። በማመልከቻው ላይ ይማርሽ አረጋ ይላል፤ በብራናው ግርጌ ደግሞ ወለተ ሐና። አባቴ መሪጌታ አረጋ የመጻሕፍት ራስጌ የሚያጌጥበትን ሐረግ ሲያስተምሩኝ ሥርዓቱንም አብረው አስተምረውኛል፤ በብራና ላይ የሚጻፈው የክርስትና ስም ነው፣ አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስበን። ይህን የአዲስ አበባ ዲዛይነር ባታውቅ አልፈርድባትም። እርስዎ ግን የቄስ ልጅ ነዎት፣ በድቁና አድገዋል፤ ሲቆርቡም ደግሰው ተብለው አልተጠሩም። እንግዳዋ ብራናውን አይታ «ወለተ ሐና ማን ናት?» ብላ ስትጠይቅዎ «የጥንት ሰው ናት» ያሏት ማመልከቻዬን በመሳቢያዎ አስቀምጠው ነው።

፪ኛ. እንግዳዋ መጽሔቱን ከማሳተሟ በፊት መጥታ የከተማውን የጥበብ ሰዎች ላግኝ ስትል ከአንድ የሆቴል ባለቤት፣ ከአስጎብኚዎች ሊቀ መንበርና ከጽሕፈት ቤትዎ ሾፌር ከአቶ ፈንታው ጋር ስላገናኟት አመሰግናለሁ። አቶ ፈንታው የመኪናውን በር በራሱ እጅ ቀለም ቀብቷልና ቅር አይለኝም። ከብልባላ ንጋት ላይ ተነሥታ ሰፌዶቿን በአህያ ጭና የመጣችው ሰፌድ ሰፊዋ ደብሪቱ ግን ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ የለም ተብላ እንግዳዋ እስክትሄድ ከአጥር ውጭ ቆማ ዋለች። በሥዕል መምህርነት የተመረቅሁትን እኔን ደግሞ «የተማረች ናት፣ ሻዩን በሥርዓት ታቀርባለች» ብለው መደቡኝ። በዚህ ላይ እንግዳዋ «በላሊበላ ድንጋዩ ይናገራል፤ በሕይወት ያለ የጥበብ ሰው ግን አላገኘሁም» ብላ ብትጽፍ ምን ያስገርማል? ያሳዩዋትን አይታለች።

፫ኛ. ዓርብ ዕለት እርማት ልጠይቅ ቢሮዎ ስመጣ በአባትነት ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። «ይማርሽ ልጄ፣ ወለተ ሐና የሞተች ብትሆን ለከተማችን ይሻላል፤ አንቺማ ገና ልጅ ነሽ፣ ማን ያከብርሻል? እንግዳ ማሳፈርም ነውር ነው» አሉኝ። ወለተ ሐና እኔ ለመሆኔ ማስረጃ አምጪ ሲሉም የንስሐ አባቴን የአባ ገብረ ዮሐንስን ደብዳቤ አመጣሁ። ማኅተም የለውም ብለው መለሱልኝ። አባቴ ዓይናቸው ስለደከመ የመጽሔቱን ገጽ ሳነብላቸው፣ ከሐረጉ ቀለም ሥር ንድፉን ያወጣሁበት የትምህርት ቤት እርሳስ መስመር ይታይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይታያል፣ በፎቶግራፉ ላይ እንኳ በግልጽ ይታያል። «እንግዲያ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ላስታ ውስጥ እርሳስ ሞልቶ ነበር ማለት ነው» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ያልሳቅሁበትን ምክንያት ጽሕፈት ቤትዎ ያውቀዋል። ያ ሐረግ በመጪው መስከረም ለሚከበረው ሚሊኒየም በከተማው ባነር ሁሉ ላይ ሊታተም ነው፤ ከሥሩም «ጥንታዊ፣ ሠሪዋ በሕይወት የሌለች» ተብሎ ሊጻፍ ነው። አንዴ እንዲህ ከታተመ በኋላ ወደፊት የምሥለው ሁሉ ከሟቿ የተቀዳ ይባላል፤ እኔ በገዛ እጄ ሥራ ቀጂ ሆኜ እቀራለሁ።

ባነሩ ማተሚያ ቤት ሳይገባ እንዲታረም በድጋሚ እያሳሰብኩ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ትጋት ካለኝ የማይነገር አድናቆት ጋር እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ይማርሽ አረጋ
በብራና ላይ ወለተ ሐና፤ ዕድሜዬ ሃያ አራት

ማስታወሻ፦ ትናንት መልእክተኛዎ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ እንግዳዋ ስለወደደችው ሌላ ስድስት ቅጠል እንድሥል፣ «በግርጌው ግን ምንም እንዳትጽፊ» መባሉን ነገረኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስም የሌለው ብራና ከእጄ አይወጣም፤ ሻይም አላቀርብም። ስሜ በማይጻፍበት ወረቀት ላይ ሥራዬ እንዲታተም ከእንግዲህ አልቀበልም፤ የመጀመሪያው ባነር በተሰቀለበት ቀን ከሥሩ ቆሜ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ማን እንደሣለው እናገራለሁ።