የኤደንን አባት ቻይንኛ ላረሙልን

ለክቡር የቻይንኛ ትምህርት ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐረር

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎን ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት፣ ቀይ እስክሪብቶዎንም ቀለሙ ሳይነጥፍ እንድታገኝልኝ እመኛለሁ።

ፈላና በር አካባቢ የምኖር ጡረተኛ መምህር፣ የተማሪዎ የኤደን አያት ነኝ። አባቷ ሊም ማሌዥያ ተወልዶ ያደገ ቻይናዊ ነበር። ለመንገድ ሥራ ድሬ ጠያራ መጥቶ ልጄን ገላነሽን አገባ፤ ኤደንንም በራሱ ቋንቋ እያጫወተ አሳደጋት። ካቻምና ታሞ ሞተብን። ከቀብሩ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የልጅቷ ሳቅ የተሰማው በትምህርት ቤቷ የቻይንኛ ክፍል ሊከፈት መሆኑን የሰማች ቀን ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በመግቢያ ፈተናው የገበያ ሥዕል ቢያሳዩዋት፣ አባቷ እንዳስተማራት «ባሻ» አለች። የማሌዥያ ቻይናውያን ገበያን እንዲህ እንደሚሉት ብታስረዳም፣ ደረጃው የቤጂንጉ ብቻ መሆኑን ገልጸው ዜሮ ሰጧት። እኛ የሐረር ሰዎች ገበያውን መጋላ ስንል በአማርኛ ፈተና ዜሮ የሰጠን ስላልነበረ፣ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ መኖሩን ሳናውቅ አርጅተናል።

ሁለተኛ፣ በልጆቹ ፊት «ይህን ያስተማረሽ ሰው ቻይንኛ አያውቅም» ስላሏት እናመሰግናለን። እናቷ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ሰውየው በሕይወት እንደሌለ ብትነግርዎ፣ ነፍስ ይማር ብለው ውጤቱን ግን እንዳልነኩት አጫውታኛለች። በመርህ መጽናት ይኸው ነው።

ፈተና ደረጃ እንደሚያስፈልገው ዕድሜውን በማስተማር የፈጀ ሰው አይክድም። የቤጂንጉን በአባቷ ቻይንኛ ላይ ጨምራ ትማረው ነበር።

ሦስተኛ፣ ኤደን ክፍሉን ትታለች፤ ቤትም ያንን ቋንቋ አትናገርም። ገላነሽ ከባሏ የለመደቻቸውን ጥቂት ቃላት ብትሞክርላት፣ ፊቷን አዞረች። ባለፈው እሑድ የአባቷ ድምፅ የተቀዳበትን ስልክ አምጥታ፣ «አባባ፣ ይኼን ያጥፉልኝ፤ ስህተት ነው» አለችኝ።

ቋንቋን ከተናጋሪዎቹ ለማዳን ለሚደክመው ኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ኪዳነወልድ፣ የኤደን አያት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ድምፁን አላጠፋሁትም። እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብቻዬን አዳምጠዋለሁ። ከሚለው ሁሉ የምለየው ኤደን ብሎ ሲጠራት ብቻ ነው። አጠራሩ ከደረጃ በታች ከሆነ፣ በትሕትና እንዲያሳውቁኝ እለምናለሁ።