ልብስ ሰፊ ካሜራ ሲይዝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህት ዓለሜ፤

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደባል ሆኖ አብሮሽ ይኖራል? የአሠሪሽስ አመል ረገበ? ሰላምታዬ ከመብዛቱ የተነሳ ፖስታው ጠቦታል፤ የተጨማደደውን እዚያው ተኩሰሽ ተቀበይኝ። እኔም፣ ባለቤቴም፣ እማዬም ከናፍቆትሽ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ከንፈርሽን እንደምትመጪ አውቃለሁ። እኛ ቤት ይህ ቃል ከአባዬ ወዲህ ዋጋውን አጥቷል፤ አባዬ በስልክ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለሽ ነው በሞት ያመለጠሽ። ስለዚህ በቃል አልከራከርሽም፤ ማስረጃ ይዤ ቀርቤአለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ያወረድሽብኝን መዓት መጀመሪያ ተቀምጬ፣ ቀጥሎ ቆሜ አነበብኩት። የእማዬ አንደበት በስልክ ይኮላተፋል፣ በምትልኩት ፎቶም ፊቷ አንድ ቀን በቅጡ ታይቶ አያውቅም፣ እንግዲያው አፏ ተጣሞ ነው የደበቃችሁኝ፣ በዚህ ወር ጥርት ያለ ፊቷን ካላየሁ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ ብለሻል። ያን ሥራ ከጣልሽው መልሰሽ እንደማታገኚው ሁላችንም እናውቃለን። ልትመጪ ነው ብዬ ለእማዬ ስነግራት ቀኑን ሙሉ እህል ሳትቀምስ ዋለች። «በእኔ የተነሳ ልጄ ሜዳ ላይ ልትቀር ነው?» ትላለች። አፍ ስለ መጣመሙ ያልሽውን ግን ዋጥ አድርጌ አስቀረሁት።

እንግዲህ ለክሱ መልስ ልስጥ። የላክሽልን ካሜራ ጥፋት የለበትም። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ አመል የለውም፤ ዕድሉ ጠሞ እኔ እጅ መግባቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች እማዬ ጭንቅላት አልነበራትም። «እናቴን ላኩልኝ ብል ቀሚስ ላካችሁልኝ» አልሽ፤ እውነትሽን ነው። ልብስ ሰፊ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን የሚያየው ከአንገት በታች ነው። ትከሻው ገጠመ? እጅጌው አጠረ? ጫፉ ዘመመ? ፊት የደንበኛው የግል ጉዳይ ነው። ካሜራውን ስይዝም ዓይኔ እንደ ልማዱ ኮሌታው ላይ ደርሶ ቆመ። ቀሚሱ ግን አንዲት ክር ሳትዛነፍ እንደወጣ አንቺም አልካድሽም።

ጭንቅላቷን ሳስገባ ደግሞ ጨለማ መጣ። የአባዬን ወንበር ታውቂዋለሽ፤ ጀርባውን ለመስኮቱ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ የኖረውን። ፎቶ ከተባለ እማዬ የምትቀመጠው እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ወንበር ተነሺ የሚላት ልጅ ገና አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ፀሐይ ከኋላዋ፣ እኔ በአክብሮት በሩ ሥር፣ መሃላችን ግማሽ ክፍል ባዶ ወለል፤ እማዬ ከሰል መስላ ወጣች። ባለቤቴ «ፍላሹን አብራው እንጂ» አለችኝ። አበራሁት፤ ግንባሯ እንደ ታጠበ ሳህን አብለጭልጮ ዓይኗ ተጨፈነ። በዙም ብጎትታት ፊቷ ብል እንደበላው ሱፍ ነጠብጣብ ሆነ። የልብስ መስቀያውም ከአናቷ ላይ ቀንድ ሆኖ በቅሎ ነበር፤ ስለ ቀንዱ ዝም ማለትሽ ጨዋነትሽ ነው። ያ «ሊቁ» የምንለው ጎረቤታችን መጥቶ፣ ይሄ መጫወቻ ነው፣ አፈ ትልቅ ካሜራ ያስፈልጋችኋል ብሎ ፈረደ። አፈ ትልቅ ጎረቤት ካገኘን ቆይተናል፤ እስካሁን የፈየደልን ነገር የለም።

ከሁሉ የባሰው ግን ካሜራውን ስታይ እማዬ ከንፈሯን ግጥም ማድረጓ ነው። ፈገግ በይ ስላት ባለቤቱ ቆልፎት የሄደ ሱቅ ትመስላለች። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ለአንቺ እንዳልነግርሽ ግን አስምላኛለች፤ ስለዚህ አልነግርሽም።

ባለፈው ሳምንት ጥቁር ኮት በጥቁር ክር እየሰፋሁ ሳለ ስፌቱ ጠፋብኝ። እጄ ራሱ አውቆ ጨርቁን ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ስፌቱ ወለል ብሎ ታየ። ጥቁር ነገር ሲቸግርህ ፊቱን ለብርሃን ስጠው እያልኩ ስንቱን ተለማማጅ አስለቅሻለሁ። ለእናቴ ፊት ሲሆን ግን ትዝ አላለኝም። በራሴ አፍሬ ሳልጨርስ አንድ ተንኮል መጣልኝ፤ እማዬ ለፎቶ ከወንበሯ አትነሳም፣ የእኔን ሥራ ለማረም ግን ከአልጋም ትነሳለች።

በርጩማ መስኮቱ ፊት ለፊት አኖርኩና «እማዬ፣ እጄ ተይዟል፤ ይህን አዝራር ስፊልኝ» አልኳት። እያጉረመረመች መጥታ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ በዚህ በኩል እንደገና ቀንድ እንዳይሆንባት መስቀያውን ከአጠገቧ አነሳሁ፤ ሌንሱን ጠረግሁት፤ ለካ የስፌት መኪናው ዘይት ያለበት ጣቴ እዚያ ላይ ታትሞ ኖሯል፣ በፎቶዎቹ ላይ ጉም የመሰለሽ እሱ ነው። ዙሙን ትቼ በእግሬ ቀረብኩ፤ ዓይኔ ከዓይኗ እኩል እስኪሆን በርከክ አልኩ፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ክንዴን መኪናው ጠርዝ ላይ አስደገፍኩ። የማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ተጭኜ፣ ካሜራው ፊቷን አጥርቶ መያዙን እስኪጮህልኝ ትንፋሼን ያዝኩ። ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ፣ እዚያ ተንበርክከህ ምን ትፈልጋለህ?» አለች። «ጭንቅላትሽን» አልኳት። ሳቀች፤ አባዬ ከሄደ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች። ተጫንኩት።

በካሜራው ትንሿ መስኮት ራሷን ስታይ ሳቋ ቆመ። ቀስ ብላ «አጥፋው» አለችኝ። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ የዋጥኩትን ተፋሁት፤ «ልጅሽ የእማዬ አፍ ተጣሟል ብላ ነው ሥራዋን የምትጥለው» አልኳት። ካሜራውን ከእጄ ነጥቃ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። «ተጣመመ ነው ያለችው? ይሄ ነው የተጣመመው?» ብላ ደጋግማ አየችው። በመጨረሻ «ጥርስ ነው የጎደለኝ እንጂ ሳቅ አልጎደለኝም። ላክላት፣ ሥራዋን ትሥራ። ስለ ጥርሱ ከጠየቀችህ ግን ጥላ ነው በላት» አለችኝ።

ይኸውልሽ ፎቶው። እኔ መሐላዬን ጠብቄ አፌን አልከፈትኩም፤ የከፈተችው እሷ ናት። ሁለቱ የፊት ጥርሶች ሲነቃነቁ ቆይተው ተነቀሉ፤ መኮላተፉም ነፋሱ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ነው። የደበቀችሽ «ለጥርሴ ስትል ትርፍ ሰዓት ትገባለች» ብላ ሰግታ ነው። አትግቢ። ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ አስይዘናል። ሐኪሙ የሰፋሁለትን ሱሪ ለብሶ ስለሚውል ችላ አይለንም።

እማዬ ሁለት ጉንጭሽን አገላብጣ ትስማለች። ባለቤቴ ናፍቆቷን ትልካለች፤ ፍላሹን ያስበራሁት እኔ ነኝ ብላም ይቅርታ ትጠይቃለች። ሊቁ ሰላም ብሎሻል፤ ፎቶውን አይቶ «አፈ ትልቅ ካሜራ ገዛችሁ አይደል?» አለ። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽም ሰላምታዬን በያልኝ። ሁለተኛው ፎቶ የእኔ ነው፤ ያነሳችኝ እማዬ ናት። ከጆሮ እስከ ጆሮ ፊቴ ብቻ ነው፤ ለዚሁ ብዬ የለበስኩት፣ ራሴ የሰፋሁት ኮት ጭራሽ የለም። «ኮቴስ?» ብላት «ኮትህን ማን ጠየቀህ?» አለችኝ።

አክባሪ ታናሽ ወንድምሽ

ከስፌት ቤቱ፣ መስኮቱ ሥር
ዝናቡ ባባራ ማግስት፣ ማክሰኞ