የአርብ ውኃ

ሰኞ፣ ጥር 18፣ መርሳ

ከተመረቅኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ የሆነው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ወንዛችን ለታሰበው የወይን ጠጅ ፋብሪካም ለገበሬውም ይበቃል ይላል። ዛሬ ለገበሬዎቹ ሳነበው፣ መስኖውን በተራ የሚያከፋፍሉት የውኃ አባት ሼህ ሰይድ እጃቸውን አወጡ።

«ስለ መጠጡ አላህ ይጠይቃቸው፤ እኔ የምጠይቅህ ስለ ውኃው ነው። መቼ ለካኸው?»

«አርብ ቀትር ላይ።»

ሰዉ አውካካ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«አርብ ቀትርማ ቦዮቻችንን ዘግተን ጁምዓ ነን! ተረፈ ብለህ የለካኸው የኛኑ ድርሻ ነው፣ ልጄ።»

አፈርኩ። ሰነዱ ወልድያ ደርሷል፤ ነገ ይወሰናል። አለቃዬ «ገና ሥራ እንደጀመርክ ስህተትህን አታውራ» አለኝ። በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ። ካላስመለስኩት፣ የሼህ ሰይድ ሽንኩርት የሚደርቀው በእኔ ፊርማ ነው።