የበየድኳት ቀለበት

እሑድ፣ ጥቅምት ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ዛሬ ከቅዳሴ የተመለስኩት እየሳቅኩ ነው።

ባለፈው ዓርብ የነፍስ አባቴ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ጽና ይዘው ምን አለሽ ተራ፣ ሱቄ ድረስ መጡ። እኔ ከቆርቆሮ ምድጃና ከኩራዝ በቀር ዕጣን የሚታጠንበት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነክቼ አላውቅም። እምቢ ለማለት አፈርኩና የተበጠሰችውን የሰንሰለት ቀለበት በየድኩላቸው።

ዛሬ እሳቸው ጽናውን ባወዛወዙ ቁጥር ሻኩራው ሲንሿሿ ልቤ አብሮ ይዘላል። ፍሙ ሰው ላይ ቢደፋስ? ቅዳሴው እስኪያልቅ ዓይኔን ከዚያች ከበየድኳት ቀለበት ላይ አልነቀልኩም። ጎበዝ ናት፣ ቻለችው!

ሕዝቡ ሲበተን ጠጋ ብዬ፣ "አባቴ ይፍቱኝ፤ ዛሬ ጸሎት የሚባል አልጸለይኩም" አልኳቸው።

"ታዲያ ምን ስታደርግ ቆየህ?"

"'ጌታዬ፣ እባክህ ያዝልኝ፤ በሰው ፊት አታዋርደኝ' ስል ነበር።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "አንተ ሞኝ! ዕጣኑ ይዞት የሚያርገው ታዲያ ምን መሰለህ? እንዲህ ያለውን ነው እንጂ!"

ሃያ ዓመት ሙሉ ሳስቀድስ እንደ ዛሬ ጸልዬ አላውቅም ማለት ነው። ምነው ያቺን ቀለበት ትንሽ ላላ አድርጌ በተውኳት!