በእጃችን ስላወራን ስለታሰረችው ስልክ

ለተከበሩ አቶ ሰይፈ ዘሩ
የወይራ አምባ ቀበሌ ሊቀመንበር
ጥር 2009 ዓ.ም.

ክቡር ሊቀመንበር፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም «ለምርመራ» ተብላ በቀበሌው ካዝና ለተቆለፈችው አዲሷ ስልኬ ደኅንነት ዝቅ ብዬ ሰላምታ አቀርባለሁ። እኔ በእርስዎ ጥበቃ ደኅና ነኝ፤ የምነካው ስለሌለኝ ጣቴም አርፏል።

እንደሚያውቁት ስልኳን ገዝታ የላከችልኝ የወንድሜ ልጅ ሀኒ ናት። ሀኒ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ ባሕር ዳር በአንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ቁልፍ የነበራት አሮጌዋ ስልኬ ለሀኒ ከድንጋይ አትሻልም ነበር። አዲሷ ግን ሰው ከነፊቱ ታሳያለች። ስልክ ብቻ እንዳትመስላችሁ፣ የኪስ ኮምፒውተር ናት ብላ ጽፋልናለች፤ እውነትም ዳዊቱ፣ ባሕረ ሐሳቡ፣ ሬዲዮውና ባትሪው ሁሉ እዚያችው ውስጥ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቷን እህተ ማርያምን ይዤ ኔትወርክ ወደሚገኝበት፣ ከአውድማው በላይ ወዳለው ጉብታ እወጣለሁ። በኢሞ እንደውልና ቤታችን ውስጥ በለመድነው የእጅ ቋንቋ ላሟ መውለዷን፣ በርበሬው መሰጣቱን፣ የጎረቤቱን ሐሜት ሳይቀር እንነግራታለን። ሲያበቃ እናቷ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ታጣምራለች። በእኛ ቤት ይህ «ናፍቀሽኛል» ማለት ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ጊዜዎን መሻማቴን ይቅር ይበሉኝና፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሚሊሻው ክንዱ እጃችንን ስናወናጭፍ፣ እህተ ማርያምም እጇን ስታጣምር ከታች አይቶን፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የተከለከለ ምልክት ለፀረ ሰላም ኃይሎች ስታስተላልፉ ተገኝታችኋል ብሎ ስልኳን ነጠቀን። በክንዱ አልተቀየምሁም፤ እይ የተባለውን አየ። እርስዎ ግን አጥር ለአጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ነዎት። ሀኒ ሕፃን ሳለች ውኃ ስትጠይቅ የምታሳየውን ምልክት ለይተው ጣሳ ያቀብሏት የነበሩት እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ይህን እያወቁ «ምልክቱ ይጣራ» ብለው ስብሰባ ስለጠሩ ለትጋትዎ አድናቆቴ ወደር የለውም።

፪ኛ. በስብሰባው ላይ እህተ ማርያም እጇን ለምን እንዳጣመረች ተጠየቀች። ልጄን ናፍቄ ነው አለች። እርስዎም ናፍቆት ያለው ሰው በአንድ ለአምስት አደረጃጀቱ በኩል ያቅርብ አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ያለ ስልክ ብቻዋን ጉብታው ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። ሀኒም በበኩሏ እዚያ ማዶ ስልኳን አቁማ ትጠብቃለች። እኔ እንደሚያውቁኝ በሁሉ ነገር ቀልደኛ ነኝ፤ በዚህ ግን መቀለድ አቅቶኛል።

፫ኛ. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ለእርስዎ ያለኝ ሐሳብ ነው። ሀኒ እንደምትለው ኮምፒውተር ድሮ አንድ ክፍል ይሞላ ነበር፤ ዛሬ ኪስ ገብቷል። ነገ ደግሞ የእጅ ምልክት አይቶ በድምፅ ይናገር ይሆናል። ያኔ ሀኒ እዚሁ ቀበሌ አዳራሽ መካከል ቆማ ትናገራለች፤ ምን እንደምትል አልገምትም፣ እርስዎ ግን ወንበርዎን ጠበቅ አድርገው ይያዙ። መታወቂያ ማሳደሱንም ሰው ኪሱ ውስጥ ይጨርሰው ይሆናል። እንግዲህ «ነገ ና» የሚለን ሰው አጥተን እንዴት እንደምንኖር ከወዲሁ እየተጨነቅሁ ነው።

በመጨረሻም ስልኬን ከአቧራ፣ ከዝናብና ከባለቤቷ ስለጠበቁልኝ ምስጋናዬን ከልብ አቀርባለሁ። እስካሁን የጠበቋት ይበቃልና ለእህተ ማርያም ይመልሱላት። ለእኔ ባይሰጡኝም ግድ የለኝም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜንና አጭር የሥልጣን ዘመንን ዘወትር የምመኝ፣ በስብሰባ የማልቀር፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ የምሄድ ታዛዥ ነዋሪዎ፣
ገደፋው ላቀው

ግልባጭ፦
ማንኩሳ ለሚገኘው የንግሥቴ ሻይ ቤት ግድግዳ
ለሚሊሻ ክንዱ፣ የተከለከለ ምልክት እንደሌለበት አጣርቶ እንዲያነበው

ተጨማሪ፦ ሀኒ ስልኳን ስትልክልኝ፣ ስልኳ የምታነሳውን ፎቶ ሁሉ በራሷ ባሕር ዳር ወዳለው የሥራ ቤቷ ኮምፒውተር እንድትልክ አድርጋት ነበር። ከተቆለፈች በኋላ የተነሱትን ፎቶዎች ሰሞኑን አትማ በደምበጫው ሚኒባስ ሰደደችልኝ። ካዝናችን ኔትወርክ ስለሌለው፣ ፍኖተ ሰላም ለስብሰባ ሲሄዱ ለአየር ለውጥ ይዘዋት ሄደው መሆን አለበት። ፎቶዎቹ ሁሉም የእርስዎ ናቸው፦ በጥቁር መነጽር፣ ያለ መነጽር፣ ከባንዲራው ሥር። በአንደኛው ሁለት እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ቆመዋል። ጎረቤት ነንና ለኮማንድ ፖስቱ አላሳየሁትም። ሀኒ ግን ከጀርባው ላይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «አጎቴ፣ ጋሼ ሰይፈ ማን ናፍቋቸው ነው?»