አባትሽ ያላየው ባንዲራ

ለምወድሽ ልጄ ዕፀገነት፣ ባለሽበት እንግሊዝ አገር አምላክ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ሞልቷል። ወንድምሽ ቢኒያም የመኪናችንን ኮፈን አረንጓዴ ቀብቶታል።

እሁድ ቱላ ሜዳ ላይ የአሮጌ መኪኖቹ ውድድር ነበር። እንደ ወትሮው አባትሽ ባለ ቀኝ መሪውን የእንግሊዝ መኪና፣ ኤምጂያችንን ይነዳል፣ እኔ ከግራው ተቀምጬ ሰዓት ይዣለሁ። የመጨረሻው ባንዲራ ሲወርድ ሌሎቹ ቆሙ፤ እኛ ብቻችንን አንድ ዙር ጨመርን። "ጋሽ እስራኤል፣ ነዳጅ ተረፈዎት እንዴ?" ብለው ተወዳዳሪዎቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ኋላ ግን ቀስ ብሎ፣ "ጸሐይ፣ ባንዲራው መቼ ወረደ?" አለኝ።

ከፋሲካ ወዲህ ኩርባው ላይ ስንደርስ "አሁን ታጠፍ" የምለው እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው "አቧራ ነው" ይላል።

የፍሬን ሸራ እንድትልኪለት እንደጠየቀሽ አውቃለሁ። እባክሽ፣ "እዚህ የነጂውን የዓይን ሐኪም ወረቀት ካላሳዩ ሸራ አይሸጡም" በዪው። እኔን ይከራከረኛል፤ አንቺን ግን ያምናል። ወረቀቱ ጥሩ ባይሆንም ሸራውን ላኪው። ቢኒያም ይነዳል፣ አባትሽ በእኔ ቦታ ይቀመጣል። ጊዜውን በድምፅ የሚናገር ሰዓት ካለ ግን አብረሽ ላኪለት።

ከክፉ ይሰውርሽ። ዓይንሽን ለማየት ሁለታችንንም ያብቃን።

እናትሽ ጸሐይወርቅ፣ ሐዋሳ