ድንጋይ ላይ የቀረው እጅ

ይድረስ በማዛትላን ለሚኖሩት ለውድ አባቴ ለዶን ፊደንሲዮ፤

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ደረትዎ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት ሲያንገላታዎ የነበረው ሳል ከባሕሩ አየር ጋር ታረቀ ወይ? እንቅልፍዎስ? ምግብስ ይበላልዎታል? ወንድሜ ሌአንድሮ በቀደም ሲደውል፣ በእግርዎ እስከ ወደቡ ወርደው ዓሣ አጥማጆቹን ስለ መርከብ ታሪክ ሲያስተምሯቸው እንዳገኘዎት ነገረኝ። ከመርከብ ጋር እንደማይተዋወቁ ስለማውቅ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ይሁን፣ እግርዎ ከመራመድ፣ አፍዎም ከመናገር ካልቦዘነ ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይመጣል።

እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ጉሮሮዬን ትንሽ ከማሻከሩ በቀር ጤናዬ የተሟላ ነው። ከተማዋም እንደሚያውቋት ነች፤ ካቴድራሉ እንዳዘመመ ቆሟል፣ ዞካሎ አደባባይ ሰልፈኛ አጥቶ አያውቅም፣ እኔም ጃንጥላዬን ከፍ አድርጌ እንግዳ ከኋላዬ አስከትዬ ስዞር እውላለሁ። ጆሮዎ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ ወሬውን ሁሉ በሌአንድሮ በኩል ነው የምልክልዎ። ይህኛው ግን በሰው አፍ የሚላክ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከሌላ ሰው ሰምተው ከሚከፋዎ፣ ከእኔ ሰምተው ቢቆጡኝ ይሻለኛል።

ነገሩ በሻማ ሠሪዎች መተላለፊያ ስላለው በር ነው። እርስዎ የአስጎብኚነቱን ሥራ ትተው ወደ ባሕሩ ከወረዱ ወዲህ ያ በር የት እንደደረሰ ቢያዩ አያምኑም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጋቡ ያሰቡ ሁሉ ከፑዌብላና ከቶሉካ ሳይቀር እየመጡ ይሰለፋሉ። ተራቸው ሲደርስ ከቀዩ የድንጋይ መቃን ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ እጃቸውን ያስገባሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ በሩ ሥር ከምትሸጠው ከዶኛ ትራንሲቶ አበባ ገዝተው ይሄዳሉ። ታሪኩን የማይናገር አስጎብኚ የለም። ግንበኛው ሐሲንቶ የሀብታሙን ቤት ሲሠራ ልጅቷን እንደወደዳት፣ አባትየው «እጅህ እንደ ሊጥ ድንጋይ ውስጥ የገባ ቀን ልጄን እሰጥሃለሁ» ብሎ እንዳፌዘበት፣ ግንበኛውም ከሥራ ሲወጣ መዳፉን እዚያው ድንጋይ ላይ እያሳረፈ ሲጸልይ ኖሮ አንድ ቀን ድንጋዩ እንደለሰለሰለት ሁሉም በየአፉ ያወራዋል። ክሪሳንቶ ደግሞ፣ ያ ሥራውን ከእርስዎ የለመደው ወፍራሙ አስጎብኚ፣ መላእክት ሁሉ ጨምሮበታል።

እኔና እርስዎ ግን እናውቃለን። ልጅ ሳለሁ እራት ላይ እየሳቁ የነገሩንን አልረሳሁትም። ጎድጓዳው የፋኖስ ማንጠልጠያ ብረት ተነቅሎ የቀረ ሽንቁር ነው። ታሪኩን ደግሞ ዝናብ መንገድ ላይ በያዛችሁ ቀን፣ አንዲት ቁጡ እንግዳ «በቃኝ፣ ወደ ሆቴሌ መልሰኝ» ስትልዎ፣ ዓይንዎ ግድግዳው ላይ ዐርፎ እዚያው የፈጠሩት ነው።

ከአንድ ወር በፊት ይሆናል፣ የሰፈሩ የቅርስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አርክቴክት ባልታሳር ቢሮው አስጠራኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ዶኛ ኦብዱሊያ፣ በሩ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ልናኖር ነው» አለኝ። በከተማው ማኅተም ሥር የሐሲንቶ ስም፣ የልጅቷ ስም፣ ዘመኑም ሁሉ ሊጻፍ ነው። መዝገብ ሲያገላብጥ ከርሞ ምንም አላገኘም። «ታሪኩን መጀመሪያ የተናገሩት አባትዎ ናቸው ይባላል። እሳቸው ከማን እንደሰሙት ይንገሩንና በእርስዎ ምስክርነት እንጽፈዋለን» አለኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

መንገድ ለመንገድ እያሰብኩ ሄድኩ። ተረት በአፍ ሲነገር ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ከሰው ሰው ይዞራል፣ ማንንም አይጎዳም። ከተማው ማኅተሙን ሲያሳርፍበት ግን ምስክርነት ይሆናል፤ ምስክሯ ደግሞ እኔ ልሆን ነው። ለዚህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ዝም እል ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከቶ ያልተወለደው ሐሲንቶ ስሙ በነሐስ ሊቀረጽ፣ ከባዶ ግድግዳ የፈጠረው ሰው ግን የትም ላይጠራ ነው። ዕድሜ ልክዎን በዚያ መንገድ ጫማ ሲጨርሱ ኖረው፣ በአንዲት ፊርማዬ ከበሩ ላጠፋዎት! አባባ፣ በሐሲንቶ ቀናሁ፤ አባት እንደሚሻማ ወንድም ቀናሁበት።

ቅዳሜ ዕለት አርክቴክቱ ሳልጠራው መጥቶ ከጉብኝቱ ተቀላቀለ። እንግዶቼ ከሌዮን የመጡ ጡረተኛ መምህራንና ከፑዌብላ የመጣች ኖኤሚ የምትባል ሠርጓ የደረሰ ልጅ ከነእጮኛዋ ነበሩ። ከካቴድራሉ ደጃፍ ተነሥተን በሳንቶ ዶሚንጎ አደባባይ፣ ደብዳቤና ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ በተቀመጡበት በኩል አለፍን። አፌ እንደለመደው ይናገራል። አርክቴክቱን በጎን ሳየው በየሕንፃው ፊት እየቆመ ራሱን በአክብሮት ይነቀንቃል። መምህራኑ ደክሟቸው ነበርና «የእጁ በር ቅርብ ነው?» እያሉ ጠየቁኝ፤ እነሱም ለእሱ ነበር የመጡት።

በሩ ጋ ስንደርስ ዶኛ ትራንሲቶ ጋርዴኒያ አበባቸውን በባልዲ ደርድረው ተቀምጠዋል። ታሪኩን ተናገርኩ። ኖኤሚ እጇን አስገባችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ግን እውነት ነው?» አለችኝ። ይህን ሁልጊዜ ይጠይቁናል። እርስዎ «ድንጋዩን ጠይቂው» ይሉ ነበር፣ እኔም እንደዚያው እል ነበር። ያን ቀን ግን አርክቴክቱ ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠግቶ መቅረጽ ጀመረና፣ «ለሰሌዳው ነው፣ እባክዎ ጮክ ይበሉልን» አለ።

እኔም ጮክ አልኩ። «አይደለም» አልኩ። «ሐሲንቶ የሚባል ግንበኛ አልነበረም። ይህን ታሪክ የፈጠሩት አባቴ ዶን ፊደንሲዮ ናቸው፤ እዚህ ቆመው፣ ዝናብ እየዘነበ። ጎድጓዳው የፋኖስ ቦታ ነው። ከጻፋችሁ ይህን ጻፉ» አልኩ።

አርክቴክቱ ስልኩን አውርዶ ኪሱ ከተተው። ከመምህራኑ አንዷ ከት ብላ ሳቀች፣ ሌላው ሽማግሌ ደግሞ «ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪን? እኔ እኮ እንባዬ መጥቶ ነበር» አሉኝ። የኖኤሚ እጮኛ «በይ ነይ እንሂድ፤ ከፑዌብላ ድረስ ለፋኖስ ሽንቁር አመጣሽኝ» አላት። እሷ ግን እጇን መልሳ እዚያው አስገባችና፣ «እኔ የማገባው አንተን ነው ወይስ ሐሲንቶን? ባይሆን ና፣ ያንተንም እጅ አስገባ» አለችው። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀልቶ እጁን አስገባ። ደስ የምትል ልጅ ነች፤ አባባ፣ ቢያዩዋት ይወዷት ነበር።

ዶኛ ትራንሲቶ ግን አልሳቁም። ከባልዲው አበባቸውን አውጥተው ውሃውን እግሬ ሥር ደፉትና፣ «የአባትሽ ውሸት ሁለት ሴት ልጆች አስተማረልኝ። ያንቺ እውነት ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። በማግስቱ ደግሞ ክሪሳንቶ በሌሎቹ አስጎብኚዎች ፊት፣ «የሁላችንንም ጉሮሮ ዘጋሽው» ብሎ ጮኸብኝ። «አንተ መላእክቱ አሉህ፣ እነሱን ይዘህ ብላ» ስለው ሌሎቹ ሳቁ፤ እሱ ግን አኮረፈና ሰላምታ ነሣኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሰልፉ ሳሳ። ወሬው በየሆቴሉ ደርሷል መሰለኝ፣ ጥንዶቹ ቆም ብለው ያዩና ፎቶ ሳያነሡ ያልፋሉ። ዶኛ ትራንሲቶ የጠወለገ አበባ ታቅፈው ወደ ቤት ሲሄዱ ከሩቅ አየኋቸው። እውነቱን በመናገሬ አልተጸጸትኩም፣ ዛሬም አልጸጸትም። ግን እውነት ተናግሮ ዘወር ማለት የእርስዎ ልጅ ሥራ አይደለም። እርስዎ ያስተማሩኝ፣ እንግዳን መንገድ መሀል ትቶ የሚሄድ አስጎብኚ አይባልም ብለው ነው።

ስለዚህ በሳምንቱ ሌሎች እንግዶች ይዤ እዚያው በር ሥር ቆምኩና ከሐሲንቶ ሳይሆን ከእርስዎ ጀመርኩ። አባቴ ወጣት ሳሉ፣ ዝናብ ሲደበድባቸው፣ አንዲት የጓዳላሃራ ሴት ስትቆጣቸው፣ መሄጃ ሲያጡ ምን እንዳደረጉ ነገርኳቸው። ከዚያ ታሪኩን ልክ እርስዎ እንደሚሉት፣ ሊጡን በመዳፌ እያሳየሁ ላወርደው ስል፣ ከኋላችን «ዝናብ አልነበረም፣ በረዶ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ዶኛ ትራንሲቶ ናቸው። ቀና ብለውም አላዩን፣ የአበባውን ግንድ እየቆረጡ ነበር። «ሴትየዋም የሞንቴሬይ እንጂ የጓዳላሃራ አይደለችም። ነጭ ጫማ ነበራት፤ ከዚያ በኋላ ግን ነጭ አልነበረም» አሉ። እንግዶቹ ሁሉ ወደሳቸው ዞሩ። ለካ ያን ቀን እሳቸውም ማስቲካና ሲጋራ በሳጥን ተሸክመው እዚያው በር ሥር ተጠልለው ነበር! ያኔ ከእርስዎ ጋር የነበሩት ሴቶች ታሪኩን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደሟሟ አዩ፤ በሳምንቱ ማስቲካውን ትተው አበባ ይዘው መጡ። ለእርስዎም አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም።

እንግዶቹ ሲሄዱ፣ «ታዲያ ሲያውቁ ኖረው ነው እኔን የተቆጡኝ?» አልኳቸው። «እንዴት አላውቅም፣ ጆሮ ሰጥቶኝ» አሉ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «እኔን የጠየቀኝ የለም። የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ። ልቆጣሽ እችላለሁ እንጂ ዋሺ ልልሽ አልችልም» አሉኝ። ይህን ብለው አንድ ጋርዴኒያ ካናቴራዬ ላይ ሰኩልኝ፤ ዋጋውን ግን ተቀብለውኛል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሆነን ነው የምንናገረው። እኔ ስጀምር እሳቸው ያርሙኛል፣ እሳቸው ሲያጋንኑ እኔ እይዛቸዋለሁ፣ ሰዉ ደግሞ በእኛ ጠብ ይስቃል። ጥንዶቹ ተመልሰዋል። እንደ ድሮው እጅ አስገብተው አይሮጡም፤ ቆመው ሰምተው፣ አበባቸውን ገዝተው ይሄዳሉ። ክሪሳንቶም ኩርፊያውን ትቶ ከዶኛ ትራንሲቶ ሲጠይቅ አየሁት። አሁን በእሱ አፍ በረዶው የእንቁላል ያህል ሆኗል።

ባለፈው ሐሙስ አርክቴክቱ ራሱ በሩ ድረስ መጣ። ኮሚቴው ሲከራከር ሰንብቷል። ግማሹ ተረት በነሐስ አይጻፍም ሲል፣ ግማሹ ደግሞ ይህች ሐይቅ ላይ የተሠራች ከተማ ከእግሯ ሥር ውሃ፣ ከራሷ በላይ ተረት እንጂ ሌላ ምን አላት አለ። በመጨረሻ የተስማሙበትን አነበበልን። «በዚህ በር ሥር፣ ከበረዶ ተጠልሎ፣ አስጎብኚው ፊደንሲዮ አልካንታራ የግንበኛውን እጅ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ» ይላል። ደግመህ አንብብልኝ አልኩትና ደግሞ አነበበልኝ። «ዶን የሚለው የክብር መጠሪያ ቀርቷል» ስለው፣ «ነሐሱ ቦታ የለውም» አለ። ዶኛ ትራንሲቶ ከበርጩማቸው ሳይነሡ፣ «እንግዲያው ነሐሱን አስፋው» አሉት። ይሰፋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፣ አባባ። አርክቴክቱ ሊሄድ ሲል፣ «ልጅቷስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀን። አንዱ አስጎብኚ ገዳም ገባች ይላል፣ ሌላው አግብታ ወለደች ይላል። እርስዎ ግን ድንጋዩ ለስልሶ እጁ እንደገባ ጃንጥላዎን አንሥተው ወደ ፊት ነበር የሚሉት። ዶኛ ትራንሲቶንም ጠየቅኋቸው፤ ያን ቀን በረዶው ስላባራ እዚያ ላይ አቋርጠው ሄዱ አሉኝ። እንግዲህ ያ ምስኪን ሰው እጁን ድንጋይ ውስጥ እንደከተተ ይህን ሁሉ ዘመን መልስ ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው። ልጅቷ እሺ አለችው ወይስ እምቢ? እስከ ዛሬ በእርስዎ አፍ ብዙ ተናግሬያለሁ፣ ይህንን ግን አልናገርም። የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ይጻፉልኝ።

ወንድሜን ሌአንድሮን፣ ስለሚያደርግልዎ ሁሉ አመሰግናለሁ ብላለች ብለው ይቀፉልኝ። ሚስቱን ኤሎይሳን እግዜር እጇን ይባርከው፣ የላከችልኝ የደረቀ ሽሪምፕ ደርሶኛል ይበሏት። ከልጆቻቸው ትንሹ ኤፍሬን በትምህርቱ ይበርታ፣ ማቲልዴም አያቷን ስታናድድ ልክ ይኑራት። ጎረቤታችሁ ዶን ሄናሮን፣ ከእርስዎ ጋር ዶሚኖ ሲጫወቱ አንዳንድ ጊዜ እንዲሸነፉልኝ ይለምኗቸው። ደረትዎን ከማታ ነፋስ ይጠብቁ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ
ኦብዱሊያ

ሜክሲኮ ከተማ፣ ኦገስት 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.